ለሞት ሦስት ቀን፤ ለሕመምስ? አስታማሚው ሠራተኛ በኢትዮጵያ የሥራ ሕግ ታሪክ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ ከቀረበ ንግግር ከድምፅ ተገልብጦ በተናጋሪው የታረመ)



ስለ ሕግ ታሪክ እንድናገር ስጋበዝ ብዙዎቻችሁ ስለ መሬት ሥሪት ወይም ስለ ሕገ መንግሥት የምናገር መስሏችሁ ይሆናል። እኔ ግን የምናገረው በሥራ አዋጆቻችን የፈቃድ አንቀጾች ውስጥ ፈልጌ ስላጣሁት አንድ ቃል ነው። ቃሉ «አስታማሚ» ነው። በዚህ አዳራሽ ውስጥ ይህን ቃል የማያውቅ ሰው የለም፤ ብዙዎቻችንም በተራችን አስታማሚ ሆነን በሆስፒታል ወለል ላይ ጋቢ አንጥፈን አድረናል።

የሆስፒታል በር ጠባቂ አስታማሚን ከጠያቂ ለይቶ ያውቃል። ጠያቂ በሰዓቱ ገብቶ በሰዓቱ ይወጣል፤ አስታማሚ ግን በካርድ ይገባል፣ ያድራል፣ ከውጭ መድኃኒት ገዝቶ ይመጣል፣ ሕመምተኛውን ያገላብጣል፣ ያጎርሳል፣ የሐኪሙን ትእዛዝ ይቀበላል። ሆስፒታሎቻችን ሥራቸውን ያቀዱት አስታማሚ ይኖራል ብለው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ታዲያ ይህ ሰው በዚያው ሰዓት የሌላ መሥሪያ ቤት ተቀጣሪ ነው። በአንዱ በር በካርድ የሚታወቀው ሰው በሌላው በር ላይ «ቀሪ» ተብሎ ይመዘገባል። የዛሬው ንግግሬ በእነዚህ ሁለት በሮች መካከል ስላለው ርቀት ነው።

በራሴ ቤት ከደረሰ ነገር ልጀምር። መምህሮቼ ታሪክ ጸሐፊ ከገዛ ቤቱ መነሣት እንደሌለበት አስተምረውኛል፤ ለዛሬ ይቅር ይበሉኝ።

በ1999 ዓ.ም. እናታችን በድንገት ግማሽ ጎኗ ዛለ። እኅቴ በዚያን ጊዜ ስሙን በማልጠቅሰው የልብስ ስፌት ፋብሪካ ትሠራ ነበር። እኔ ረዳት መምህር ነበርኩ፤ በሳምንት ጥቂት ክፍለ ጊዜ ብቻ የማስተምር፣ ቀሪውን ጊዜ እንደ ፈቀድኩ የማዘው ሰው። ከሁለታችን ማን ቤት ሊውል እንደሚገባ የሰዓት ስሌት ቢጠየቅ መልሱ ግልጽ ነበር። ነገር ግን ስሌቱን የጠየቀ ሰው አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ሴት ልጅ እያለች ወንድ ልጅ እናቱን ያገላብጣል ተብሎ አይታሰብምና።

እኅቴ ወደ አስተዳደር ኃላፊው ገባች። ኃላፊው በዕድሜ የገፋ፣ ሠራተኛውን ሁሉ «ልጄ» የሚል ሰው ነበር። ስታለቅስ ሲያይ ደንግጦ ተነሣ።

«እናትሽ ዐረፉ እንዴ፣ ልጄ?»

«ኧረ በሕይወት አለች። የሚያነሣት የሚያስተኛት የለም እንጂ።»

ኃላፊው ተመልሶ ተቀመጠ፤ አዋጁን ከመሳቢያ አወጣ፤ መነጽሩን አድርጎ አነበበ። ከዚያም እኅቴ እስከ ዛሬ ቃል በቃል የምትደግመውን ተናገረ። «እግዜር ምሕረቱን ያምጣላቸው እንጂ፣ ቢያርፉ ኖሮ ሦስት ቀን ከነደመወዙ እሰጥሽ ነበር። ለታመመ ግን ያለኝ አምስት ቀን ያለ ክፍያ ነው። ከዚያ በላይ የምሰጥበት አንቀጽ የለኝም።»

ሰውየው አልዋሸም፤ ክፉም አልነበረም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 377 አንቀጽ 81 የሚለው ይህንኑ ነበር። ሠራተኛ ጋብቻ ሲፈጽም፣ ወይም የትዳር ጓደኛው፣ ተወላጁ፣ ወላጁ፣ ወይም እስከ ሁለተኛ ደረጃ የሚቆጠር የሥጋ ወይም የጋብቻ ዘመዱ ሲሞት ሦስት የሥራ ቀን ከደመወዝ ጋር ፈቃድ ያገኛል። ከዚህ ውጭ ለሆነ ልዩና ከባድ ሁኔታ እስከ አምስት ተከታታይ ቀን ያለ ክፍያ ይፈቀድለታል። እኅቴ አምስቱን ቀን ወሰደች። ከዚያ ወደ ሥራ ተመለሰች፤ አንዳንድ ቀን እየቀረች፣ አንዳንድ ቀን እያረፈደች ቆየች። በሁለተኛው ወር ከሥራ ተሰናበተች። እናታችን ሰባት ወር ተኛች። ስታርፍ፣ አዋጁ የሚፈቅደውን ሦስት ቀን ለእኅቴ የሚሰጣት አሠሪ አልነበራትም።

ከዚያ ወዲህ የሥራ ሕጎቻችንን በሌላ ዓይን ማንበብ ጀመርኩ። ያስተዋልኩት ይህ ነው፦ ሕጋችን ቤተሰብን በሦስት ቀኖች ብቻ ያውቀዋል፤ በሰርግ ቀን፣ በወሊድ ቀንና በቀብር ቀን። በእነዚህ ቀኖች መካከል ያለውን ረጅም ዘመን፣ ልጅ ትኩሳት የሚይዘውን፣ አባት ዓይኑ የሚጠፋውን፣ ሚስት ቀዶ ሕክምና የምትገባበትን ዘመን፣ አያየውም። ዛሬ በሥራ ላይ ያለው የ2011ዱ አዋጅ ቁጥር 1156 ብዙ ነገር አሻሽሏል። የወሊድ ፈቃድን ከ90 ወደ 120 ቀን አሳድጓል፤ አባት ለሚሆን ሠራተኛም ሦስት ተከታታይ ቀን ከሙሉ ደመወዝ ጋር ሰጥቷል። ለሐዘን የተሰጠውን ሦስት ቀን አጽንቷል። ያለ ክፍያ የሚሰጠውን አምስት ቀን ግን በበጀት ዓመት ከሁለት ጊዜ በላይ እንዳይሆን ገደበው። የማስታመም ጊዜ ሲለካ፣ አዲሱ ሕግ ከአሮጌው ጠበበ እንጂ አልሰፋም።

ይህን ከአንድ ሌላ አንቀጽ ጋር አስተያዩት። ሠራተኛው ራሱ ቢታመም እስከ ስድስት ወር የሕመም ፈቃድ አለው፤ የመጀመሪያው ወር ከሙሉ ደመወዝ ጋር፣ ሁለቱ ወር ከግማሽ ደመወዝ ጋር፣ ሦስቱ ወር ያለ ክፍያ። እንግዲህ ለራስ ሕመም ስድስት ወር፣ ለእናት ሕመም አምስት ቀን ያለ ደመወዝ። በዚህ ልዩነት መካከል ምን እንደሚበቅል የማያውቅ የሰው ኃይል ሠራተኛ የለም፤ በራስ ስም የተጻፈ የሌላ ሰው ሕመም። የእናቱን ወገብ የራሱ ወገብ አድርጎ የሕክምና ወረቀት የሚያመጣ ሠራተኛ፣ ነገሩን እያወቀ ዝም የሚል አለቃ። ሕግ ቦታ ያልሰጠው ግዴታ በሐሰት ወረቀት ቦታ ይፈልጋል።

እዚህ ላይ የታሪክ ጥያቄ ይነሣል። ይህ ለምን ሆነ? ሕግ አውጪዎቻችን እናት የሌላቸው አልነበሩም።

የደመወዝ ሥራ በአገራችን ወጣት ነው። በገበሬው ቤት የሥራ ቦታና የመኝታ ቦታ አንድ ነበር፤ በሬ የሚጠምደውም ሕመምተኛውን የሚያገላብጠውም ከአንድ ጣሪያ ሥር ይውሉ ነበር። የታመመ ሰው ማሳ ጦም እንዳያድር ጎረቤት በደቦ ያርስለት፣ ያጭድለት ነበር። እዚህ ላይ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው፣ ደቦ ለአስታማሚው ቤት የሚያዋጣው ገንዘብ ሳይሆን ቀን መሆኑን ነው። በኋላ እመለስበታለሁ።

የባቡር ሐዲዱ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ፣ ከዚያም ፋብሪካዎች አንድ በአንድ ሲከፈቱ፣ የሥራ ቦታ ከቤት ተለየ። ፊሽካ፣ ፈረቃ፣ የስም ጥሪ መጣ። ከሁሉ ግልጽ ሆኖ የሚታየኝ ምሳሌ የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ነው። በ1946 ዓ.ም. በሆላንዱ ኩባንያ በኤች.ቪ.ኤ. አማካይነት ሥራ የጀመረው ይህ ፋብሪካ ለሠራተኛው የመኖሪያ ካምፕ ሠራ፤ ሕክምናም አደራጀ። በዚያ ዘመን ሚዛን አሠሪው ለሠራተኛው ብዙ ያሰበበት ቦታ ነበር። ሆኖም ከጉድጓድ የሚቀዳው የመጠጥ ውሃ ከፍተኛ ፍሎራይድ ነበረበት። ለረጅም ዓመታት የጠጡት ሠራተኞች አጥንታቸው እየደረቀ፣ አከርካሪያቸው እየጎበጠ ሄደ፤ አንገታቸውን ማዞር የተሳናቸው፣ ያለ ሰው ድጋፍ መነሣት ያቃታቸው ነበሩ። ሐኪሞች ጉዳዩን መርምረው ጽፈውበታል፤ ፍሎራይድ የሚቀንሱ የውሃ ማጣሪያዎችም ተተክለዋል። ስለ ሕመምተኛው የተጻፈ የሕክምና ጽሑፍ አለን፤ ስለ ውሃውም አለን። ያንን የጎበጠ ሰው ጠዋት ጠዋት እያነሣች፣ እያለበሰች፣ ሽንት ቤት እያደረሰች ዓመታትን ስለገፋችው ሚስት ግን የሚነገረን እጅግ ጥቂት ነው። ሥራዋ እንደ ውሃውና እንደ አየሩ ያለ ዋጋ የሚገኝ ነገር ተደርጎ ተቆጠረ። የሥራ ሕጋችን የተወለደው በዚህ ግምት ውስጥ ነው፤ ሠራተኛው ወንድ ነው፤ ቤት ደግሞ የምትጠብቅ ሴት አለች።

በ1954 ዓ.ም. የወጣው ድንጋጌ ቁጥር 49፣ ቀጥሎም በ1956 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 210 ለሠራተኛ ማኅበራትና ለኅብረት ስምምነት ሕጋዊ በር ከፈቱ። በ1968 ዓ.ም. ደርግ አዋጅ ቁጥር 64ን አወጣ። በ1985 ዓ.ም. ቁጥር 42፣ በ1996 ዓ.ም. ቁጥር 377፣ በ2011 ዓ.ም. ቁጥር 1156። ሦስት የተለያዩ ሥርዐተ መንግሥታት፣ ሦስት የተለያዩ ርዕዮተ ዓለሞች አለፉ፤ ያ ግምት ግን ሳይነካ ተሻገረ።

ታዲያ ሞት እንዴት ወደ ሕጉ ገባ? የእኔ ግምት ይህ ነው፤ ግምት መሆኑንም እናገራለሁ። ሞት በኅብረት የሚታይ ጉዳይ ነው። ድንኳን ይተከላል፣ እድርተኛ ይጠራል፣ ቀብር ያልደረሰ ሰው ስም ይያዝበታል። የትኛውም አሠሪ ሠራተኛውን ከለቅሶ ማስቀረት አይችልም ነበር፤ ቢሞክር የገዛ ጎረቤቶቹ ያወግዙታል። ሕጉ በአሠሪው ላይ አዲስ ደግነት አልጫነበትም፤ የማይቀረውን ቀሪነት ስም ሰጠው እንጂ። ማስታመም ግን ድንኳን የለውም። በጓዳ የሚሠራ፣ በሌሊት የሚሠራ፣ በአብዛኛው በሴት የሚሠራ ነገር ነው። እድሮቻችን እንኳ በመጀመሪያ የተቋቋሙት ለመቅበር እንጂ ለማስታመም አልነበረም።

ይህ ዝምታ በጣም የሚገርመኝ በኤች.አይ.ቪ. ዘመን ነው። ነፃ የፀረ ኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት በአገራችን መሰጠት የጀመረው በጥር 1997 ዓ.ም. ነው። አዋጅ ቁጥር 377 የወጣው ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት፣ በየካቲት 1996 ዓ.ም. ነው። ይህ ማለት አዋጁ የተረቀቀውና የተመከረበት፣ በከተሞቻችን በየመንደሩ ወጣት ሕመምተኛ በተኛበት፣ ጠበል ለመጠመቅ ወደ እንጦጦ ማርያም የወጣው ሕዝብ ከነአስታማሚው በዚያ ጎጆ ቀልሶ በተቀመጠበት ጊዜ ነው። አንዳንድ እድሮች በዚያን ጊዜ ደንባቸውን ለውጠው ከቀብር ወደ ሕመምተኛ መደገፍ ተሻግረዋል፤ ለዚህ ሊመሰገኑ ይገባል። የሰፈር እድር ያየውን የሥራ አዋጃችን አላየም።

አሁን ወደ አንድ ሰነድ ልውሰዳችሁ። ይህን ሳነብ እኔ ራሴ ደንግጫለሁ።

ኢትዮጵያ የዓለም የሥራ ድርጅት አባል የሆነችው ከ1916 ዓ.ም. ጀምሮ ነው። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ1965 የቤተሰብ ኃላፊነት ስላለባቸው ሴት ሠራተኞች የውሳኔ ሐሳብ አውጥቶ ነበር። ልብ በሉ፣ ሴቶች ብቻ። እ.ኤ.አ. በ1981 ይህን ተወና ስምምነት ቁጥር 156ን አጸደቀ፤ የቤተሰብ ኃላፊነት ስላለባቸው ሠራተኞች፣ ወንዶችም ሴቶችም። ስምምነቱ የሚናገረው ስለ ልጆች ብቻ አይደለም፤ የሠራተኛውን እንክብካቤ በግልጽ ስለሚሹ ሌሎች የቅርብ ቤተሰብ አባላትም ጭምር ነው። ከእርሱ ጋር የወጣው የውሳኔ ሐሳብ ቁጥር 165 ደግሞ ልጁ ወይም ሌላ የቅርብ ቤተሰቡ የታመመበት ሠራተኛ ፈቃድ ማግኘት እንደሚገባው በግልጽ ይናገራል።

ኢትዮጵያ ስምምነት ቁጥር 156ን አጽድቃለች። መቼ? እ.ኤ.አ. ጥር 28 ቀን 1991፤ በእኛ አቆጣጠር ጥር 20 ቀን 1983 ዓ.ም.። አራት ወር ቆይቶ፣ በግንቦት 20፣ መንግሥቱ ራሱ አልነበረም። በዚያ የጦርነት ዘመን ማብቂያ፣ ግንባሩ ወደ መሐል አገር እየቀረበ ሳለ፣ በአንድ ቢሮ ውስጥ የሆነ ሰው ስለ ሠራተኛ እናቶችና አባቶች የሚናገር ሰነድ አዘጋጅቶ ወደ ጄኔቫ ላከ። ያ ሰው ማን እንደነበረ ባውቅ ዛሬ ስሙን በክብር እጠራው ነበር።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 9 ንኡስ አንቀጽ 4 ኢትዮጵያ ያጸደቀቻቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል ናቸው ይላል። ስለዚህ የጥር 1983ቱ ቃል መንግሥት ስለወደቀ አልወደቀም። በሥራ አዋጃችንም ውስጥ ዱካው ይታያል፤ አንቀጽ 26 የሠራተኛው የቤተሰብ ኃላፊነት የሥራ ውልን ለማቋረጥ በቂ ምክንያት እንደማይሆን ይደነግጋል። መልካም ነው። ገጹን ገልጣችሁ ቀጣዩን አንቀጽ አንብቡ። አንቀጽ 27 ያለ ማስጠንቀቂያ የሚያሰናብቱ ጥፋቶችን ሲዘረዝር፣ በ2011ዱ አዋጅ፣ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው በስድስት ወር ውስጥ በድምሩ አምስት የሥራ ቀን የቀረን ሠራተኛ ይጨምራል፤ ቀሪነቱ በአዋጁ ከተፈቀዱት የፈቃድ ዓይነቶች ውስጥ የማይመደብ ከሆነ ማለት ነው። ማስታመም ከተፈቀዱት የፈቃድ ዓይነቶች ውስጥ የለም። እንግዲህ አንዱ አንቀጽ «ስለ እናትህ አትባረርም» ይላል፤ ሌላው «እናትህ ዘንድ ስለ ዋልህ ትባረራለህ» ይላል። የሕግ ባልደረቦቼ እዚህ ተቀምጣችኋል፤ አነባበቤ ከተሳሳተ በጥያቄ ሰዓት አርሙኝ።

ጃፓን ይህንኑ ስምምነት ያጸደቀችው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው፤ ከእኛ አራት ዓመት ዘግይታ። በዚያው ዓመት ሕጓን አሻሽላ የቤተሰብ ማስታመሚያ ፈቃድ አስገባች፤ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮም በአሠሪዎች ላይ ግዴታ ሆነ። ዛሬ አንድ ሠራተኛ ለአንድ የቤተሰቡ አባል እስከ 93 ቀን፣ ሦስት ቦታ ከፋፍሎ መውሰድ ይችላል። ጃፓን ሀብታም ናት፣ ሽማግሌዋም ብዙ ነው፤ አውቃለሁ። ከእርሷ የምወስደው የቀኑን ብዛት ሳይሆን «ከፋፍሎ» የሚለውን ቃል ነው። በአሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣውን የቤተሰብና የሕክምና ፈቃድ ሕግ ያውቁታል፤ በቂ ጊዜ ለሠራና 50 ወይም ከዚያ በላይ ሠራተኛ ላለው አሠሪ ለተቀጠረ ሰው 12 ሳምንት ይሰጣል። ክፍያ የለውም፤ ሰውየው ሲመለስ ግን ሥራው ይጠብቀዋል። እኅቴ በዚያ በ1999 ዓ.ም. የጠየቀችው ከዚህ ያነሰ ነበር።

የራሳችን የቤተሰብ ሕግ ከዚህ ሁሉ አይተናነስም። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ ከእርሱም በፊት የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በወላጆችና በተወላጆች መካከል፣ በወንድማማቾችና በእኅትማማቾችም መካከል ቀለብ የመስጠት ግዴታን ይደነግጋሉ። ቀለብ እዚህ ላይ እንጀራ ብቻ አይደለም፤ መጠለያ፣ ልብስና ጤና መጠበቅ ጭምር ነው። አንዱ ሕግ ልጅን «የእናትህን ጤና ጠብቅ» ሲል ያዛል፤ ሌላው ሕግ የሚጠብቅበትን ጊዜ ይነፍገዋል። ገንዘብ ላለው ሰው ሁለቱ አይጋጩም፤ ሌላ ሰው ይቀጥራልና።

እውነቱን እንናገር፣ በዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለነው ብዙዎቻችን ይህን ጥያቄ የፈታነው በዚህ መንገድ ነው። የእኛን ወላጆች የምታገላብጠው ከገጠር የመጣች የቤት ሠራተኛ ናት። የሥራ አዋጁ ደግሞ የቤት ሠራተኛን አይመለከትም፤ ሁኔታዋ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ይወሰናል ብሎ አልፏታል። የእርሷ እናት ስትታመም ምን ይደረጋል? የዓረብ አገር ሽማግሌዎችን ለማስታመም በቤይሩትና በሪያድ የዋሉት እኅቶቻችን እናቶችስ? አስታማሚነትን ከአንዱ ትከሻ ወደ ደካማው ትከሻ ስናሸጋግር ኖረናል እንጂ አልፈታነውም።

አሠሪዎች ምን ያድርጉ ወደሚለው ልምጣ። በዛሬው ስብሰባ ከግልና ከመንግሥት ድርጅቶች የመጣችሁ ኃላፊዎች እንዳላችሁ ተነግሮኛል።

መጀመሪያ፣ ብዙዎቻችሁ ሠራተኛችሁን እንደምትረዱ አውቃለሁ። ሠራተኛ አባቱ ሲታመም መዋጮ ይሰበሰባል፤ አለቃው በጎን «ሂድ፣ እኔ አየዋለሁ» ይላል። ይህ መልካም ባህል ነው። ችግሩ ፊት የሚያይ መሆኑ ነው። አሥር ዓመት የቆየ፣ ተግባቢ፣ ከአለቃው ጋር ቡና የሚጠጣ ሰው ያገኘዋል፤ ባለፈው ወር የተቀጠረችው ዓይናፋር ልጅ አታገኘውም። አለቃው የተቀየረ ዕለትም ደግነቱ አብሮት ይሄዳል። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀውን የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ አስቡት፤ ከየገጠሩ የመጡ እጅግ ብዙ ወጣት ሴቶች የሚሠሩበት ነው። የእነዚህ ልጆች እናት የምትታመመው በጎረቤት ሳይሆን የአንድ ቀን መንገድ ርቃ ነው። ከአምስቱ ቀን ስንቱ በመንገድ እንደሚያልቅ ቁጠሩት።

ስለዚህ ደግነቱ ይጻፍ። አዋጁ የሚደነግገው ዝቅተኛውን ወለል ነው፤ ከእርሱ የሚሻል ነገር በኅብረት ስምምነት ወይም በሥራ ደንብ መስጠትን የሚከለክል የለም። በሚቀጥለው የኅብረት ስምምነት ድርድር ላይ አንድ አንቀጽ ጨምሩ። የታማሚውን ዝምድናና የሚያስፈልገውን ጊዜ የሚገልጽ ወረቀት ከሆስፒታል ያቀረበ ሠራተኛ፣ ሴትም ይሁን ወንድ፣ በዓመት ለተወሰነ ቀን ከደመወዝ ጋር፣ ከዚያ በኋላም ለተወሰኑ ወራት ያለ ደመወዝ ፈቃድ ያገኛል፤ ሲመለስም ወደ ሥራው ይመለሳል። ቁጥሩን እናንተ ሙሉት፤ እኔ የታሪክ ሰው ነኝ እንጂ የሒሳብ ክፍል ኃላፊ አይደለሁም። ሐሰተኛ ወረቀት ይበዛል ለሚል፣ አሁን ያለው ሐሰተኛ ወረቀት የእውነተኛው ቦታ ስለሌለው ነው እላለሁ።

ሁለተኛው የጊዜው መከፋፈል ነው። ማስታመም አብዛኛውን ጊዜ ተከታታይ አምስት ቀን አይፈልግም። ማክሰኞና ዐርብ ኩላሊት እጥበት የሚሄድ አባት ያለው ሰው የሚፈልገው ማክሰኞንና ዐርብን ነው፤ ያውም እኩል ቀን። አዋጁ የዓመት ፈቃድ በስምምነት ሁለት ቦታ እንዲከፈል ይፈቅዳል፤ አሠሪው ከፈለገ ግን በግማሽ ቀን እየቆረሰ ቢሰጥ የሚከስሰው ሠራተኛ አይኖርም። ሦስት ሠራተኛ ብቻ ያለው ሱቅ ወይም ጋራዥ የወራት ፈቃድ ስጥ ቢባል አይችልም፤ ይህን እቀበላለሁ። ፈረቃ ማቀያየር ግን ይችላል። በስፌት መሥመር ላይ ያለች ሠራተኛ ስልኳ በመሳቢያ ተቆልፎ ሳለ ከሆስፒታል ቢደወል የሚቀበልላት የታወቀ ሰው መመደብ ደግሞ ምንም ወጪ የለውም።

ሦስተኛው ወደ ደቦ የምመለስበት ነው። በመሥሪያ ቤቶቻችን ገንዘብ ማዋጣት እናውቅበታለን፤ ቀን ማዋጣት ግን ረስተናል። ከዓመት ፈቃዴ ሁለት ቀን እናቷ ለታመመችው ባልደረባዬ ይሰጥልኝ የሚል ሠራተኛ ቢገኝ፣ መዝገብ ቤቱ የሚመዘግብበት ቅጽ ይኑረው። አያቶቻችን ለታመመ ሰው ማሳ የሰጡት ይህንኑ ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ለወንዶች ኃላፊዎች ነው። ወንድ ሠራተኛ እናቴን ላስታምም ብሎ ሲመጣ «እኅት የለህም?» ብላችሁ አትመልሱት። እኔን ማንም እንዲህ ብሎ አልጠየቀኝም፤ እኔም ወደ ማንም ቢሮ አልሄድኩም። ያን ጊዜ ብሄድ ኖሮ፣ በሳምንት ጥቂት ክፍለ ጊዜ የነበረኝ እኔ ብሄድ ኖሮ፣ ፋብሪካውም ሠራተኛውን፣ እኅቴም ሥራዋን ባላጡ ነበር። የሰለጠነች ሰፊ ማጣት ለፋብሪካው ኪሳራ ነው፤ ያ ኃላፊ እርሷን ካሰናበተ በኋላ በቦታዋ ያስገባትን አዲስ ሠራተኛ ለማሠልጠን የፈጀበትን ጊዜ ራሱ ነግሯታል። እኅቴ ዛሬ የራሷ ትንሽ የስፌት ቤት አላት፤ ሁለት ልጆች ቀጥራለች። ይህን ንግግር ሳዘጋጅ ከቀጠረቻቸው ልጆች የአንዷ እናት ብትታመም ምን እንደምታደርግ ጠየቅኋት።

«መኪናውን ወደ ቤቷ እልክላታለሁ፤ እዚያው ትስፋ» አለችኝ።

 አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ፤ ከሕግ ክፍሉ ባልደረቦቼ እንጀምር።